ሕግ ስለ ምን ተሰጠ
በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል በደጋን የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዚህ በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ጥቂት ቃል እንድናገር አባቶች ባዘዙኝ ጊዜ፥ ስለ ምን ልናገር ብዬ ብዙ አሰብሁ። የሕንፃውን ታሪክ ሽማግሌዎቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ የበዓሉንም ደስታ ከበሮውና ጸናጽሉ ከእኔ ይልቅ ይናገሩታል። ስለዚህ ኢዮቤልዩ የሚለውን ስም ራሱን ይዤ አንድ ጥያቄ ላቀርብላችሁ ወደድሁ። ጥያቄውም ይህ ነው፤ እግዚአብሔር ለሰው ሕግን የሰጠው ስለ ምን ነው?

ኢዮቤልዩ የበዓል ስም ብቻ አይደለም፤ የሕግም ስም ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ እስራኤል ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ቈጥረው 50ኛውን ዓመት እንዲቀድሱ ታዘዙ። በማስተስረያው ቀን ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ከድኽነት የተነሣ ራሱን የሸጠ እስራኤላዊ ነፃ ወጥቶ ወደ ወገኖቹ ይሄዳል፤ ርስቱን የሸጠውም ወደ ርስቱ ይመለሳል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ሕግ የታዘዘው የባለጠጋውን ጎተራ ለመሙላት አይደለም። ምድሪቱ የእግዚአብሔር ናትና፥ ድኻው ለዘላለም ድኻ ሆኖ፥ ልጁም የባርያ ልጅ ተብሎ እንዳይቀር ነው። ስለዚህ ኢዮቤልዩን የሚያከብር ሰው ሁሉ፥ ቢያስበውም ባያስበውም፥ ሕግ ስለ ምን እንደ ተሰጠ በበዓሉ ይመሰክራል።

የአገራችን ሰው ይህን ነገር ከመጽሐፍ ሳይማር እንኳ ያውቀዋል። ጉልበተኛው ደካማውን ሊመታ በትር ሲያነሣ፥ ደካማው «በሕግ አምላክ!» ይላል። ይህም ቃል በተሰማ ጊዜ የተነሣው እጅ እንዲቆም የአባቶቻችን ሥርዓት ነበር፤ ተካሳሾቹም ኩታቸውን ተቋጥረው አንድነት ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። በዚህ ቃል የሚጮኸው ማን እንደ ሆነ እንመልከት። ጉልበት ያለው አይጮኽበትም፤ ጉልበቱ ይበቃዋልና። ገንዘብ ያለውም አይጮኽበትም። የሚጮኸው የተገፋው ነው። ሕግ አምላክ እንዳለው፥ ያም አምላክ ከተገፋው ጋራ እንደሚቆም ስለሚያምን ይጮኻል። የሕግ ዓላማ ምንድር ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የሚበልጥ አጭር መልስ አላገኝም።

አሁን ደግሞ ወደ መዠመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ትምህርት እንሂድ። ሊቃውንቶቻችን የሕግን ዘመን በሦስት ይከፍሉታል፤ ይኸውም ሕገ ልቡና፥ ሕገ ኦሪት፥ ሕገ ወንጌል ነው። ሕገ ልቡና በሰው ልብ የተጻፈው ነው፤ ሕገ ኦሪት በደብረ ሲና በጽላት የተጻፈው ነው፤ ሕገ ወንጌል ደግሞ በክርስቶስ የተፈጸመው ነው። የሦስቱም ባለቤት አንድ አባት ነው። አባት ለሕፃን ልጁ ወተት፥ ለታዳጊው ቂጣ፥ ለጐልማሳው ጠንካራ መብል ቢሰጥ፥ ሐሳቡ ተለወጠ አይባልም፤ ልጁ አደገ ይባላል እንጂ።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ3ኛው ምዕራፍ፥ ኦሪት ወደ ክርስቶስ የምታደርስ ሞግዚት እንደ ነበረች ያስተምራል። ይህን ምሳሌ ለማስተዋል የዚያን ዘመን ልማድ ማወቅ ይጠቅማል። በግሪክና በሮም አገር ባለጠጋ ሰው ልጁን ለትምህርት ሲሰጥ፥ አንድ የታመነ ባርያ ይሾምለት ነበር። ይህ ባርያ መምህር አልነበረም። ሥራው ልጁን እየጠበቀ ወደ መምህሩ ቤት ማድረስ፥ በመንገድ ከክፉ ባልንጀራ መከልከል፥ ባጠፋም ጊዜ መገሠጽ ነበር። ልጁ አካለ መጠን ሲደርስ ግን የሞግዚቱ ሥራ ይፈጸማል።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ስሕተቶች ይታያሉ። አንደኛው የልጁ ስሕተት ነው፤ ሞግዚቱን ጠልቶ፥ እጁንም አስለቅቆ ቢሮጥ፥ በበረሓ ይቀራል እንጂ ከመምህሩ ቤት አይደርስም። ሁለተኛው የሞግዚቱ ስሕተት ነው፤ ከመምህሩ ደጅ ቆሞ ልጁን አላስገባም ቢል፥ የተሾመበትን ሥራ ረሳ ማለት ነው። ሕግን ንቆ የሚሄድ ሰው ያን ልጅ ይመስላል፤ ሕግን ይዞ ሰውን ከክርስቶስ የሚከለክል ደግሞ ያን ሞግዚት ይመስላል። የቀደሙት አባቶች በነዚህ በሁለቱ ስሕተቶች መካከል ቀጥተኛውን መንገድ ሲጠርጉ ኖሩ።

የመዠመሪያው ጉባኤ የተሰበሰበው ስለዚሁ ነገር ነው። በግብረ ሐዋርያት በ15ኛው ምዕራፍ እንደምናነብበው፥ ከአሕዛብ ወገን ያመኑት ሰዎች ካልተገዘሩ አይድኑም የሚሉ አስተማሪዎች ወደ አንጾኪያ ወረዱ። ብዙ ክርክርም ሆነ። ሐዋርያትና ቀሳውስት በኢየሩሳሌም ተሰበሰቡ፤ ይህም በአውሮፓ አቈጣጠር በ50 ዓመት ገደማ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ፥ አባቶቻችንም እኛም ልንሸከመው ያልቻልነውን ቀንበር በደቀ መዛሙርት ጫንቃ ስለ ምን እንጭናለን ብሎ ተከራከረ። በቅዱስ ያዕቆብም ፍርድ ከአሕዛብ ላመኑት አራት ነገር ብቻ ተጻፈላቸው፤ ለጣዖት ከተሠዋ፥ ከደም፥ ታንቆ ከሞተ፥ ከዝሙትም እንዲርቁ። እነዚህ አራቱ ስለ ምን እንደ ተመረጡ የመረመሩ ብዙ መምህራን፥ ከአይሁድ ያመነውና ከአሕዛብ ያመነው በአንድ ማዕድ ተቀምጠው እንጀራን መቍረስ እንዲችሉ ነው ይላሉ። እንዲህ ከሆነ፥ ሐዋርያት ሕግን ያጸኑት ወንድም ከወንድሙ እንዳይለይ ነው፤ ሕግንም ያቀለሉት ስለዚያው ነው።

ከሐዋርያት በኋላ ሁለቱም ስሕተቶች እንደ ገና ተነሡ። በ2ኛው መቶ ዓመት መርቅዮን የሚባል ከጶንጦስ አገር የመጣ ሰው በሮም ተቀምጦ፥ የኦሪት አምላክ ሌላ፥ የወንጌል አምላክ ሌላ ነው ብሎ አስተማረ፤ መጻሕፍተ ብሉያትንም ሁሉ ጣለ። የሮም ክርስቲያኖች በአውሮፓ አቈጣጠር በ144 ዓመት ከአንድነታቸው ለዩት፤ አስቀድሞ ለቤተ ክርስቲያን የሰጠውንም ብዙ ገንዘብ መለሱለት። ሕግን የጣለ ሰው ሕግን የሰጠውን አምላክ እንደሚጥል አይተዋልና፥ ገንዘቡ አላታለላቸውም።

ከዚያም በ180 ዓመት ገደማ የልዮን ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ሄሬኔዎስ በመናፍቃን ላይ ታላቅ መጽሐፍ ጻፈ። በዚያ መጽሐፍ ያለው ትምህርት በአጭሩ እንዲህ ነው። ዐሥሩ ቃላት በሰው ባሕርይ አስቀድሞ የተተከሉ ናቸው፤ ስለዚህ በክርስቶስ አልተሻሩም፥ ሰፉ እንጂ። አትግደል የሚለው እስከ ቍጣ ድረስ፥ አታመንዝር የሚለውም እስከ ዐይን ምኞት ድረስ ሰፋ። የመሥዋዕቱና የመንጻቱ ሥርዓት ግን ወደ ጣዖት ያዘነብል የነበረውን ሕዝብ ለማሠልጠን የተጨመረ ነው። እግዚአብሔር የላም ሥጋ ርቦት መሥዋዕትን አላዘዘም፤ ሰው መስጠትንና መታዘዝን ተምሮ ወደ ሕይወት እንዲቀርብ ነው እንጂ። ስለዚህ የሕግ ጥቅም ለሰጪው ሳይሆን ለተቀባዩ ነው።

ይህን ትምህርት የቤተ ክርስቲያን የሥርዓት መጻሕፍትም ያጸኑታል። በግሪክ ቋንቋ ዲዳኬ የሚባል፥ ትርጓሜውም ትምህርት ማለት የሆነ፥ ጥንታዊ መጽሐፍ አለ። ይህ መጽሐፍ ለብዙ ዘመን ከሰው ተሰውሮ ሲኖር፥ ፊሎቴዎስ የተባሉ የግሪክ ጳጳስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1873 ዓመት በቍስጥንጥንያ አገኙት፤ በ1883ም አሳተሙት። እኛ ዛሬ የምንጾማቸውን ረቡዕንና ዓርብን እንድንጾም ያዝዛል። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ፥ የጌታን ቀንበር በሙሉ መሸከም የሚችል ፍጹም እንደሚሆን፥ የማይችል ግን የሚችለውን ያህል እንዲያደርግ ተጽፏል። ሥርዓትን የሠሩት እነዚያ አባቶች የሰውን ዐቅም ለክተው ነው የሠሩት።

በአገራችን በግዕዝ የምናነብበው ዲድስቅልያም፥ ሥሩ በ3ኛው መቶ ዓመት በሶርያ ምድር የተጻፈ ነው። ኤጲስ ቆጶሱን በሐኪም ይመስለዋል። ሐኪም ቍስሉን አይቶ በመዠመሪያ በለሰለሰ መድኀኒት ያክመዋል፤ ካልዳነ ደግሞ በሚመርር መድኀኒት ያክመዋል፤ ብረትን የሚያነሣው ሁሉ ካልሆነለት በኋላ ነው። በ325 ዓመት በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶችም፥ አርዮስን ያወገዙት እነዚያው፥ በ12ኛው ቀኖናቸው ኤጲስ ቆጶሱ የንስሐ ሰውን ዕንባና መልካም ሥራ አይቶ ዘመኑን እንዲያሳጥርለት ፈቀዱ፤ በ13ኛውም ለሞት የቀረበ ሰው የመጨረሻውን ስንቅ፥ ይኸውም ቅዱስ ቍርባንን፥ እንዳይከለከል አዘዙ። ቀኖና ማለት ሰውን የሚለካበት ብቻ ሳይሆን ሰውን የሚያቃናበት መለኪያ ነው።

ይህ ሁሉ በሩቅ አገር የሆነ ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ ወደ ወሎ እንመለስ። ከደሴ በስተ ሰሜን በሐይቅ ላይ የምትገኘው ደብረ እስጢፋኖስ፥ በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ ጊዜ የመጻሕፍትና የምንኵስና ምንጭ እንደ ነበረች ሁላችን እናውቃለን። በዚያች ገዳም ስለ ሕግ የተደረገ ብርቱ ክርክር አለ። ይኸውም የቀዳሚት ሰንበት ነገር ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት አባ ኤዎስጣቴዎስ፥ እሑድን ብቻ ሳይሆን ቅዳሜንም ማክበር ይገባል ብለው አስተማሩ። ከእስክንድርያ የመጡት ጳጳሳት ግን ይህ ወደ አይሁድ ሥርዓት መመለስ ነው ብለው ከለከሉ። ኤዎስጣቴዎስ አገራቸውን ትተው ወጡ፤ በአርመን ምድርም ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ከሹመትና ከክህነት ተለይተው፥ በየበረሓው ተበትነው ኖሩ።

በዳግማዊ ዐፄ ዳዊት ዘመን፥ በ1392 ዓ.ም. ገደማ፥ የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ለጉባኤ ተጠሩ። ከፈራጆቹ ወገን ጳጳሱ አቡነ በርተሎሜዎስና የሐይቁ መምህር ሠረቀ ብርሃን ነበሩ። እነ ፊልጶስ ቃላቸውን ስላልለወጡ ታሰሩ፤ ፊልጶስም በሐይቅ ታግደው ዓመታት ቆዩ። በኋላ፥ በ1396 ዓ.ም. ገደማ፥ ንጉሡ ፈትተው በየገዳማቸው ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። ነገሩ ፈጽሞ የተቈረጠው ግን በ1442 ዓ.ም. ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ በሰበሰቡት ጉባኤ ነው። በዚያን ጊዜ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተስማሙ፤ የኤዎስጣቴዎስም ልጆች ከጳጳሳቱ ክህነትን ለመቀበል እሺ አሉ። መቶ ዓመት የተለያዩ ወንድሞች በአንድ መቅደስ ቆሙ።

ከዚህ ክርክር የምንማረው ምንድር ነው? ቅዳሜን ያከበሩት አባቶች ማስረጃቸውን ያወጡት ከኦሪት ብቻ አይደለም፤ በሐዋርያት ስም ከሚነበበው ከሲኖዶስም ነው። በዚያ መጽሐፍ ስለ ሁለቱ ሰንበታት የታዘዘውን ልብ ብሎ ለሚያነብ ሰው ድንቅ ነገር ይገኛል። አገልጋዮች አምስት ቀን ይሥሩ፤ በቅዳሜና በእሑድ ግን ዐርፈው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ፥ ትምህርተ ሃይማኖትንም ይስሙ ይላል የትእዛዙ ሐሳብ። በኦሪት ዘዳግምም በ5ኛው ምዕራፍ የሰንበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ወንድ አገልጋይህና ሴት አገልጋይህ እንዳንተ እንዲያርፉ ነው። ጌታችንም ሰንበት ስለ ሰው እንደ ተፈጠረች እንጂ ሰው ስለ ሰንበት እንዳልተፈጠረ ለፈሪሳውያን ያስተማራቸው፥ ይህን ጥንታዊ ምክንያት ስለ ረሱ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላም፥ የኢየሱሳውያን መምህራን ኢትዮጵያውያንን በአይሁድነት ሲከስሱ፥ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1547 ዓ.ም. የሃይማኖታቸውን ቃል ጽፈው መለሱ። የቃላቸውም ሐሳብ ይህ ነው፤ እኛ ቅዳሜን የምናከብረው ውሃ እንዳይቀዳ፥ እሳት እንዳይነድድ አድርገው እንደሚያከብሩት አይደለም፤ ቍርባን እናቀርብባታለን፥ ማዕደ ፍቅርም እናደርግባታለን፤ ግዝረታችንም እንደ አገር ልማድ ነው እንጂ በርሱ እንድናለን ብለን አይደለም። ንጉሡ ሥርዓቱን አልጣሉም፤ ዓላማውን ገለጡ። እንደዚህ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ሕግን ከነምክንያቱ የተማረ ነው።

ነገር ግን በዚሁ በወሎ ምድር ሌላም ትምህርት አለ፤ መራራ ስለ ሆነ ልንሰውረው አይገባም። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ከንጉሥ ምኒልክ ጋራ በቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ ሰበሰቡ። የሃይማኖቱ ክርክር በሊቃውንት መካከል ተደርጎ የተዋሕዶ ትምህርት ጸና። ከዚያ ጋራ ግን የእስልምና ተከታዮች በተወሰነ ጊዜ እንዲጠመቁ ዐዋጅ ሆነ። ከወሎ መኳንንት መሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ እርሳቸውም በኋላ ራስ፥ ከዚያም ንጉሥ የሆኑት ናቸው። ብዙ ሰዎች ግን አገራቸውን ትተው ተሰደዱ፤ ሼክ ጦልሐን የመሰሉም ተነሥተው ተዋጉ፤ የቀሩትም ቀን የክርስቲያን፥ ሌሊት የእስላም ሆነው ኖሩ። ዐፄ ዮሐንስ ስለ አገር አንድነት ያሰቡ፥ በኋላም በመተማ በ1881 ዓ.ም. ስለ አገራቸው የሞቱ ንጉሥ ናቸው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን የሰይፍ ዐዋጅ ሞግዚት ሊሆን አይችልም። ሞግዚት ልጁን በእጁ ይዞ ይወስደዋል እንጂ በጦር አይነዳውም። በጦር የተነዳ ሰው ወደ ደጁ ቢደርስ እንኳ ልቡ በውጭ ይቀራል። በደጋን፥ ከእስላም ጎረቤቶቻችን ጋራ ቡና እየጠጣን፥ በለቅሶና በሠርግ እየተረዳዳን የምንኖር እኛ ይህን ነገር ከሌላው ይልቅ ልናስተውለው ይገባናል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ እስካሁን የተናገርሁት ስለ ቀደሙት ሰዎች ነው። የቀደሙትን መመርመር ግን ራሳችንን ካላስመረመረን ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ በአባቶች ፊት በትሕትና አራት ነገር ላንሣ።

መዠመሪያው፥ ስለ ቅዱስ ቍርባን ነው። በየእሑዱ ቅጥሩ በነጠላ ይሞላል፤ ወደ ምሥጢሩ የሚቀርቡት ግን ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። በመካከል ያለው ዕድሜ ሁሉ፥ ሠርቶ የሚያድረው፥ ልጅ የሚያሳድገው፥ በኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ የሚደክመው፥ አይገባኝም፥ ሲሸመግል እቀርባለሁ እያለ ይቀራል። መፍራቱ መልካም ነው። ዳሩ ግን ሞትን ቀጠሮ የሰጠው ማን ነው? የንስሐ ሕግ የተሠራው ኃጢአተኛው ታጥቦ እንዲገባ ነው እንጂ ንጹሕ እስኪሆን በውጭ እንዲቆም አይደለም። የንስሐ አባቶቻችን ልጆቻቸውን ፈልገው በስማቸው ቢጠሩ፥ ከተጠሩት ብዙዎች እንደሚመጡ አምናለሁ።

ሁለተኛው፥ ስለ ጾም ነው። ጾም የሥጋን ምኞት የምታደክም፥ ድኻውን የምታሳስብ የነፍስ መድኀኒት ናት። በሐዋርያት ስም የተጻፈው ቀኖና ዐቢይ ጾምን፥ ረቡዕንና ዓርብን የማይጾመውን ሲገሥጽ፥ በሥጋ ድካም የተከለከለውን ግን ለይቶ ይተወዋል። እንዲህ ሲሆን ሕመምተኛው በመድኀኒቱ ሰዓት እህል በመቅመሱ፥ ነፍሰ ጡሯ ወይም የምታጠባው እናት ዐቅሟ ባለመቻሉ፥ በጎረቤት ዐይን ስትፈረድ እናያለን። ቀኖናው የማረውን ጎረቤት አይኰንን። ስለ ጾም የሚጠየቁት የንስሐ አባት ናቸው፤ ጎረቤት አይደለም።

ሦስተኛው፥ ስለ ተዝካር ነው። የሞቱትን በጸሎትና በቅዳሴ ማሰብ፥ ስለ እነርሱም ድኻን ማብላት፥ የቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ባሏ የሞተባት ሴት የእርሻውን በሬ ሸጣ፥ ከዚያም አልፋ ተበድራ ድግስ ስትደግስ፥ የጠገበው ጎረቤት በልቶ ይሄዳል፤ ልጆቿ ግን በክረምት የሚታረስበት ያጣሉ። ይህን ያዘዘ የትኛው መጽሐፍ ነው? ሥርዓቱ ድኻን ለማብላት ቆሞ ሳለ፥ ልማዱ ድኻን ይሠራል። ማዕጠንቱና ጸሎቱ፥ ለጥቂት ነዳያንም የሚበቃ እንጀራ፥ ለሟቹ መታሰቢያ ይበቃዋል ብለው አባቶች በዐውደ ምሕረት ቢናገሩ፥ ከብዙ ቤት ዕዳ ይነሣል።

አራተኛው፥ ስለ በዓል ነው። ሁለቱ ሰንበታት አገልጋይ እንዲያርፍባቸው እንደ ታዘዙ አሁን ተናግሬአለሁ። እንግዲህ እያንዳንዳችን የገዛ ቤታችንን እንይ። ከገጠር መጥታ በቤታችን የምታገለግለው ልጅ፥ በበዓል ዋዜማ እስከ ሌሊት ሽንኵርት ስትከትፍ ታመሻለች፤ ጎሕ ሳይቀድ እንጀራ ትጋግራለች፤ እኛ ነጭ ለብሰን ስንወጣ እርስዋ ድስት ትጠብቃለች። በዓሉን አከበርን ማለት እንችላለንን? ከቤታችን ሰዎች በዓሉ የታዘዘላት የመዠመሪያዪቱ ሰው እርስዋ ሳለች፥ በዓሉን ያላየች እርስዋ ብቻ ናት። ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ከእኛ ጋራ ታስቀድስ፤ ወጡ ቢዘገይ ምንም አይደለም። ይህን ስናደርግ የደብረ ምጥማቅን ጉባኤ በቤታችን ፈጸምን ማለት ነው።

እነዚህን አራት ነገሮች ያነሣሁት ሕግን ለማቅለል ነው የሚል እንዳይኖር እለምናለሁ። ጾሙ ይጾማል፥ በዓሉ ይከበራል፥ ሙታን ይታሰባሉ፥ ንስሐውም ይፈጸማል። ሕግን የሚያከብር ሰው ግን ሕጉ የተላከበትን ጉዳይ ያደርሳል። መልእክተኛ በበቅሎው ጌጥ ቢመሰገን፥ የያዘውን ደብዳቤ ግን ባያደርስ፥ ጌታው ምን ይለዋል? የሕግ ሁሉ ደብዳቤ እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ መውደድ፥ ባልንጀራንም እንደ ራስ መውደድ ነው፤ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ22ኛው ምዕራፍ ኦሪትንና ነቢያትን ሁሉ በነዚህ በሁለቱ ላይ አንጠልጥሏቸዋልና። ይህን ደብዳቤ ሳያደርሱ የተፈጸመ ሥርዓት ጌጥ ብቻ ይሆናል።

በመጨረሻም ስለ ኢዮቤልዩ አንድ ልመና አለኝ። በዚህ በዓል ገንዘብ አዋጥተናል፥ ቅጥሩን አድሰናል፥ ድንኳን ተክለናል። መለከት ተነፍቶ ርስት ያልተመለሰበት፥ ራሱን የሸጠም ነፃ ያልወጣበት ኢዮቤልዩ ግን በኦሪት አይታወቅም። ስለዚህ ዛሬ ወደ ቤታችን ስንመለስ፥ ባለጠጋው በሣጥኑ ካሉት የዕዳ ወረቀቶች ሊከፍል የማይችለውን የአንዱን ድኻ ስም መርጦ ይሰርዝ። የተኳረፉ ወንድማማቾች ስለ ድንበር የተጣሉበትን ነገር ለሽማግሌ ይስጡ። ገንዘብ የሌለው ደግሞ ቂም አያጣምና ቂሙን ይተው። የምንሰርዘው ዕዳ የማን እንደ ሆነ አንጠይቅ፤ ክርስቲያንም ቢሆን እስላምም ቢሆን የጎረቤታችን ዕዳ ነው። እንዲህ ያደረግን እንደ ሆነ፥ ከዛሬ 50 ዓመት በኋላ በዚህ ስፍራ የሚቆሙት ልጆቻችን፥ አባቶቻችን የበዓሉን ስም ብቻ ሳይሆን ሕጉንም ጠበቁልን ይሉናል።

ሕግን የሰጠን እግዚአብሔር፥ ሕጉን ከነፍቅሩ የምንጠብቅበትን ልቡና ያድለን፤ ደብራችንን ያጽና፤ አገራችንን በሰላም ይጠብቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።